ካራንቲናና የእህል እስትንፋስ

በደቡብ ጅዳ፣ ከወደቡ አጠገብ የነበረው ካራንቲና፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሐበሻ ሁሉ የአገሩን ሰውና የአገሩን ቋንቋ የሚያገኝበት ሠፈር ሆኖ ሳለ፣ ስሙን የወረሰው ግን «አርባ» ከሚለው የኢጣልያኖች ቃል ነው፤ ይኸውም የቬኔስያ ሰዎች ወረርሽኝ ይዟል ብለው የጠረጠሩትን መርከብ አርባ ቀን ከወደብ ውጭ ያቆሙበት ከነበረው ሥርዓት የመጣ ነው። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1865 በመካ የተነሣው ኮሌራ አውሮጳን እስኪያዳርስ ድረስ በተዛመተ ጊዜ፣ በማግሥቱ ዓመት በእስታንቡል የመንግሥታት ጉባኤ ተደረገ፤ በ1882ም በቀይ ባሕር፣ በካማራን ደሴት የካራንቲና ጣቢያ ተከፍቶ ከደቡብ የሚመጣው ሐጃጅ በዚያ እየቆመ ይመረመር ጀመር። በ1895 ሕዝቡ በዚህ ሥርዓት ተቈጥቶ በመካ የነበረውን የልብስ ማጠኛ መኪና እስከ መሰባበር ደርሷል። የጅዳው ታላቅ የካራንቲና ጣቢያ በንጉሥ ሳዑድ ዘመን፣ በ1956 ተመረቀ።

ይህን ማንሣቴ ስለ ሰው ጤና ለመተረክ አይደለም፤ ሰውን አስቁሞ መመርመር ባስፈለገበት በዚያ ትኩስና እርጥብ አየር ውስጥ፣ እህልን አስቁሞ ማቆየት እንደ ምን ተቻለ የሚለው ጥያቄ ስለሚያሳስበኝ ነው እንጂ።

መካ አዝመራ በማይበቅልበት ሸለቆ የተቈረቈረች ከተማ ስለሆነች፣ ቀለቧ ከጥንት ጀምሮ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነበር። በ639 ጽኑ ድርቅ ሒጃዝን ከመታ በኋላ ኸሊፋ ዑመር ወደ ግብጹ ገዢ ወደ ዓምር ልከው፣ ጥንታዊውን የዓባይና የቀይ ባሕር ቦይ አስጠርገው እህል በመርከብ አስመጡ፤ ተከታያቸው ዑስማንም በ647 ጅዳን የመካ ወደብ አደረጓት። ከዚያ ወዲህ የላይኛው ግብጽ ስንዴ ከቁሴር ወደብ፣ የእኛም ማዶ ቅቤ ከምጽዋ እየተጫነ ይሻገር ነበር። ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል ያከማቸበት ምድር፣ ሌላውን ምድር ሲመግብ ኖረ ማለት ነው። ይሁን እንጂ የግብጽ አየር ደረቅ ነው፤ የጅዳ አየር ግን በባሕር እንፋሎት የተሞላ ነውና፣ በግብጽ ጎተራ በሰላም የኖረው እህል በዚህ ዳርቻ ሰላም አያገኝም።

ምክንያቱም እህል የሞተ ነገር አይደለም። ዘሩ በጆንያ ውስጥ ሳለ ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስም ሙቀትና ውሃ ያወጣል፤ ሙቀቱም ነቀዝን ይጠራል፤ ነቀዝም በበኩሉ ተንፍሶ ሙቀቱን ያባብሳል። ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ነቀዝ መዋለዱን ያቆማል፤ 27 ዲግሪ ገደማ ላይ ግን ከእንቁላል እስከ አዋቂ የሚፈጅበት ጊዜ አንድ ወር ያህል ብቻ ነው። የጅዳ በጋ እንግዲህ ለነቀዝ የዘወትር ፋሲካ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አባቶቻችን ይህን ያወቁት በመሣሪያ አልነበረም። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን በጉድጓድ ከትቶ አፉን በአፈር ሲደፍን፣ እህሉ ራሱ አየሩን ተንፍሶ ይጨርስና ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል፤ ጉድጓዱ በተከፈተ ጊዜም ሰው ቶሎ ከገባ ያው የታፈነ አየር እርሱንም ስለሚገድለው፣ ብልህ ሰው አፉን ከፍቶ ሳያናፍስ አይወርድበትም። የደጋው ሰው ደግሞ የተቃራኒውን መንገድ ይዞ፣ ከጭራሮ የተጐነጐነውን ጎተራ በጭቃና በእበት ለቅልቆ፣ ከምድር እርጥበት እንዲርቅ በድንጋይ ላይ ያቆመዋል። ባለቤቱ ክዳኑን ገልጦ ክንዱን እስከ ክርኑ ይሰድዳል፤ መዳፉ ሙቀት ከተሰማው ያን ቀን እህሉ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። አንዱ እስትንፋስን ያቋርጣል፣ ሌላው ይሰጣል፤ ሁለቱም ግን ለአንድ ቤት ቀለብ የሚሆኑ እንጂ መርከብ ለሚያራግፈው ስንዴ የሚበቁ አይደሉም።

ሳዑዲ ዐረቢያ የእህል ጎተራዎችና የዱቄት ወፍጮዎች ድርጅትን በ1972 ካቋቋመች በኋላ፣ ጅዳም በወደቧ ሲሎ የሚባሉትን ከሲሚንቶ የተሠሩ ረጃጅም የእህል ጎተራዎች አቆመች። መንግሥት በ2008 የአገር ውስጡን የስንዴ እርሻ ቀስ በቀስ ለመተው በወሰነ ጊዜ፣ ሸክሙ ይበልጥ በወደቦቹ ላይ ወደቀ።

በሲሎ ውስጥ ክንድ የሚደርስበት ነገር የለም። ስለዚህ ከጣራው እስከ ወለሉ የሚወርዱ፣ በየተወሰነ ርቀት የሙቀት መለኪያ ያለባቸው ገመዶች ይሰቀላሉ፤ ከሥሩም አየር የሚነፉ ፋኖች ይደረጋሉ። በቀድሞው ልማድ ዘበኛው ሌሊት ነው ብሎ ፋኑን ይከፍት ነበር፤ ነገር ግን በባሕር ዳርቻ የሌሊቱ አየር ቢቀዘቅዝም እርጥበቱ ስለሚበዛ፣ እህሉ በርዶልኛል ሲባል ርሶ ይገኛል። አውቶማቲኩ መቈጣጠሪያ የገባው በዚህ ምክንያት ነው፦ የውጩን ሙቀትና እርጥበት ከውስጡ ጋር እያመዛዘነ፣ አየሩ ከእህሉ የቀዘቀዘና በጣም ያልረጠበ ሆኖ ባገኘው ሰዓት ብቻ ፋኑን ይከፍታል፤ ሰዓቱ ባለፈም ጊዜ ይዘጋዋል። እንደ ጅዳ ባለ ስፍራ እንዲህ ያለው ሰዓት እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ አየሩን አስቀድሞ የሚያቀዘቅዝ መኪና መጨመር ያስፈልጋል፤ በሳዑዲ ደጋ፣ በኸሚስ ሙሸይጥ ግን ሌሊቱ ከእኛ ደጋ ጋር ስለሚመሳሰል፣ መቈጣጠሪያው አብዛኛውን ሥራ ለተፈጥሮ ይተዋል።

የካራንቲና ቤቶች ከ2021 ጀምሮ በደቡብ ጅዳ ከፈረሱት መካከል ናቸው። በአንድ ወደብ ሁለት ዓይነት እንግዳ ይራገፍ ነበር ብዬ አስባለሁ፦ አንዱን አየሩ እንዳይበክለው ሌሊቱን ሙሉ መለኪያ ይጠብቀዋል፤ ሌላው ግን አየር በማይገባበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከዘመዶቹ ጋር ተጨናንቆ፣ መስኮቱን ከፍቶ የባሕር ንፋስ ይጠብቅ ነበር።