ቅዳሜ ገበያ፣ እሁድ ግብር

አዲስ አበባ በሽርሽር የተቆረቆረች ከተማ ናት ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በ1870ዎቹ የንጉሥ ምኒልክ መቀመጫ እንጦጦ ተራራ ላይ ነበር። እንጦጦ ለጠላት አይመችም፤ ለነዋሪውም ቢሆን እምብዛም አይመችም ነበር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ማገዶውም እያለቀ ሄዷል። ስለዚህ መኳንንቱና ወይዛዝርቱ ቁልቁል ወደ ፊንፊኔ እየወረዱ፣ ድንኳን እየተከሉ፣ የአካባቢው ኦሮሞ ከእነሱ በፊት በሚያውቀው ፍልውሃ ሰውነታቸውን ያፍታቱ ጀመር። ኋላ እቴጌ የተባሉት ወይዘሮ ጣይቱ ሜዳውን ወደዱት። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ሐረር ሲዘምቱ እሳቸው ከፍልውሃው አጠገብ ቤት ይዘው ቀሩ፤ ለቦታውም አዲስ አበባ የሚል ስም አወጡለት። ለጥቂት ቀን መታጠቢያ የተመረጠ ሜዳ በዚህ ዓይነት የአገር መዲና ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እንግዳ ለቅዳሜና እሁድ ወደ አዲስ አበባ ብቅ ሲል የሚወሰድባቸው ቦታዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የተሠሩት ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ መዝናኛ ያደረጋቸው ሕዝቡ ነው።

ቅዳሜን እንውሰድ። የጥንቷ አዲስ አበባ ቅዳሜ ማለት አራዳ ነበር። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በተዘረጋው ገበያ ቅቤው፣ ማሩ፣ በርበሬው፣ በቅሎውና አሞሌ ጨው እየተለየ በየተራው ይቀርባል፤ ክፍያው በማርትሬዛ ብር ነው፣ ለትንሽ ትንሹ ደግሞ አሞሌው ራሱ ገንዘብ ሆኖ ያገለግላል። ከየገጠሩ የሚመጣው ሰው ሁሉ ግን ሸማች አልነበረም። ወሬ ሊሰማ የሚመጣ አለ፤ ከዘመድ ሊገናኝ የሚመጣ አለ፤ ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ሲነገር የሚያዳምጥ አለ። ባለዕዳና ባለገንዘብ በነጠላ ጫፍ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ሲሄዱ ማየት የተለመደ ነበር። በገበያው አጠገብ ከነበረው ዛፍ ላይ ወንጀለኛ የሚሰቀልበትም ጊዜ ነበር፤ ሕዝቡ ያንንም ቆሞ ያይ ነበር። የድሮ ጊዜን ሁሉ ጣፋጭ አድርጎ ማውራት የሚወድ ሰው ይህችን ማስታወስ አለበት።

እሁድ ደግሞ የግብር ቀን ነው። ቤተ መንግሥቱ ከፍልውሃ በላይ ወዳለው ኮረብታ ከወጣ በኋላ ምኒልክ ትልቁን የግብር አዳራሽ አሠሩ። በእሁድና በበዓላት ቀን በሺህ የሚቆጠር ሰው እዚያ ይበላ ነበር። ሥርዓቱ ጥብቅ ነው። በመጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱና የቅርብ ሰዎቻቸው ከመጋረጃ ጀርባ ይመገባሉ፤ ከዚያ መጋረጃው ይገለጥና መኳንንቱ፣ ቀጥሎ ሹማምንቱ፣ በመጨረሻም ወታደሩ በየማዕረጉ እየተተካ ይገባል። ብርንዶው በእንጨት ተሸክመውት በተቀማጩ መካከል ያልፋል፤ እያንዳንዱ በቢላዋው ይቆርጣል። ጠጁ ለትልቁ በብርሌ፣ ለተራው በቀንድ ዋንጫ ይቀዳል። ከክፍለ ሀገር ለጉዳይ የመጣ ባላገር እዚያ አዳራሽ የመግባት ዕድል ከገጠመው፣ አገሩ ተመልሶ የሚያወራው ለዓመት ይበቃዋል። መብሉ ግን ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ማን ከማን በፊት ገባ፣ ማን የት ተቀመጠ የሚለው የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ የተራበ ወታደርም ታማኝነቱ እንደማይጸና ምኒልክ አሳምረው ያውቁ ነበር።

በነፃ መብላት በለመደ ከተማ የሆቴል ሥራ መጀመር ድፍረት ይጠይቃል። ጣይቱ በ1890ዎቹ መጨረሻ አራዳ አጠገብ ያስከፈቱት ሆቴል በመጀመሪያ የታሰበው በተለይ ለውጭ አገር እንግዶች ነበር፤ መልእክተኛውና ነጋዴው እየበዛ ሄዶ ማረፊያ አጥሮ ነበርና። ለአበሻው ግን ለእህል ገንዘብ መቀበል ነውር፣ ከፍሎ መብላትም እንግዳ ነገር ሆነበት። እንደሚተረከው ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በልተው፣ ሒሳቡን ከፍለው አሳዩ። ታሪኩ በየአፉ ትንሽ ትንሽ ይለያያል። ከተማው ከፍሎ መብላት የተማረው ግን በዚያ ትውልድ መሆኑ አያከራክርም።

የቴአትሩ ነገር ከዚህ ይብሳል። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. በመኰንን ሀብተወልድ መሪነት ሲቋቋም ቴአትር ቤት አልነበረም። የጣሊያን ወረራ እያንዣበበ ስለነበር ሕዝቡን በንግግር ለመቀስቀስ የተመሠረተ ማኅበር ነው። ንግግር ብቻውን ሰውን ስለማያቆይ በመሀል ዘፈንና ፉከራ ገባበት፤ ከነፃነት በኋላ ፉከራውና ዘፈኑ ዋናውን ቦታ ይዞ ቀረ። ጥላሁን ገሠሠም በለጋነቱ ሙያውን የጀመረው በዚሁ መድረክ ነው። ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ ጣሊያኖች ሲኒማ ቤት ሊያደርጉት ጀምረው ሳይጨርሱት የሄዱት ሕንፃ ሲሆን፣ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የ25 ዓመት የንግሥ በዓል ደርሶ የተመረቀው በመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። እነዚያው ወራሪዎች አገሬውን ከነጩ ለመለየት ሲሉ ገበያውን ከአራዳ ነቅለው ወደ ምዕራብ ወሰዱት። ለመገለል የታሰበው ሰፈር መርካቶ ሆነ፤ ከተማውን የሚጎበኝ እንግዳም ዛሬ ሳያየው አይመለስም።

የእሁድ ከሰዓት ትልቁ ጉዳይ ግን ኳስ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሁድ ነበር። በአዲስ አበባ ስታዲየም የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያና ግብፅ ተገናኙ። ግብፅ አንድ ለዜሮ መራች፤ ኢትዮጵያ አቻ እንዳደረገች ወዲያው ሁለተኛ ገባባት። ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለት ለሁለት አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁ ሌላ ጨመሩና 4 ለ 2 አለቀ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ኢትዮጵያ ዋንጫውን ያነሳችው ያን እሁድ ብቻ ነው፤ ስታዲየም ገብተው ያዩ አዛውንቶችም እስከ ዛሬ ጎሎቹን በቅደም ተከተል ይቆጥሩልዎታል።

የቅዳሜ ማታው ሰው ደግሞ የጭፈራ ቤቶች ሰፈር ወደነበረው ውቤ በረሃ ይሳብ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ያፈራቸው ሙዚቀኞች ከጦር ሰፈር ባንዳቸው አልፈው በየሆቴሉ መጫወት ጀመሩ፤ አምሃ ሪከርድስ ሸክላ ማሳተም የጀመረውም በዚያን ጊዜ ነው። ወታደሩ ለሰልፍ ሲል ያስተማረው ጥሩምባ ለዳንስ ዋለ። ደርግ የሰዓት እላፊ ሲያውጅ ያ ሁሉ ለዓመታት ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ እሁድ የእግር ሆነ። ኃይሌ ገብረሥላሴ ያስጀመረው ታላቁ ሩጫ ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሯጮች ተጀመረ፤ ያሸነፈውም ራሱ ነው። በኅዳር 2011 ደግሞ ለመኪና የተሠራው ጎዳና በ«መንገድ ለሰው» መርሐ ግብር ለተወሰነ ሰዓት ለብስክሌትና ለገመድ ዝላይ ተለቀቀ።

መንግሥት ለመዝናኛ ብሎ መገንባት የያዘው ገና በቅርቡ ነው። አንድነት ፓርክ በመስከረም 2012 የተከፈተው ያ የግብር አዳራሽ ባለበት ግቢ ውስጥ ነው፤ የዛሬው እንግዳ ግን ማዕረግ ሳይሆን ቲኬት ይጠየቃል። በማግሥቱ ዓመት የተከፈተው እንጦጦ ፓርክም ለማገዶ ችግር መፍትሔ ሆኖ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ውስጥ ያለ ነው። ሁለቱም የሚያምሩ ናቸው፤ ልጅ ይዞ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ከአራዳ ግፊያ በጣም ይሻላሉ። ችግሩ ሌላ ነው። ከተማው ለመዝናኛ ለሠራቸው የሚሰጠውን እንክብካቤ፣ ነዋሪው ራሱ መዝናኛ ላደረጋቸው አልሰጠም። በ2016 ዓ.ም. የድሮው አራዳ፣ ማለትም የፒያሳ አሮጌ ሱቆች፣ ቡና ቤቶችና መኖሪያዎች በኮሪደር ልማት በብዛት ፈረሱ።

ስለዚህ በዚህ ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ፓርኮቹን ለእሁድ ያቆያቸው፤ የትም አይሄዱም። ቅዳሜን ለፒያሳ ይስጥ። ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 በደረሰበት ቃጠሎ ከፊሉን አጥቶም ተጠግኖ ቆሟል፤ ምሳ አሁንም አለ፣ ሒሳቡም ይከፈላል።