በኮምፒዩተር የሚካሄድ የርቀት ምክክር፦ ፊት ከማየት ወደ የጋራ ሥራ

በተለያየ ሥፍራ የሚገኙ ባለሙያዎች በኮምፒዩተር አማካይነት እየተያዩ በአንድ ጉዳይ ላይ የሚመክሩበት ዘዴ አዲስ ቢመስልም፣ መነሻው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1968 አሜሪካዊው መሐንዲስ ዳግላስ ኤንግልባርት በሳንፍራንሲስኮ ጉባኤ ላይ ሆኖ፣ 48 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሜንሎ ፓርክ ቤተ ሙከራ ከሚገኝ ባልደረባው ጋር በስክሪን እየተያየ አንድን ጽሑፍ በጋራ ሲሠራ ለታዳሚዎች አሳየ። ከዚያ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1964 ኤቲ ኤንድ ቲ ለሕዝብ ያቀረበው ባለምስል ስልክ ግን በዋናነት የተነጋጋሪዎችን ፊት የሚያሳይ ሲሆን፣ ዋጋውም ውድ በመሆኑ ገበያ ሳያገኝ ቀርቷል።

እ.ኤ.አ. በ1992 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሲዩ ሲሚ የተባለ ሶፍትዌር በመጀመሪያ ጥቁርና ነጭ ምስል ብቻ በኢንተርኔት ያስተላልፍ የነበረ ቢሆንም፣ የቪዲዮ ስብሰባን ከልዩ አዳራሽ አውጥቶ ወደ ተራ ተጠቃሚው ጠረጴዛ አድርሶታል።

የዘዴው ጥቅም በሕክምናው መስክ ጎልቶ ከታየባቸው ሥፍራዎች አንዱ የአሜሪካዋ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ነው። በዚያ የሄፓታይተስ ሲ ሕሙማን የዩኒቨርሲቲውን ክሊኒክ ለማግኘት እስከ 8 ወር ይጠብቁ ነበር። በወቅቱ ይሰጥ የነበረው የኢንተርፌሮንና የሪባቪሪን ሕክምና ደግሞ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት ስለነበረው የቅርብ ክትትልን የግድ ይላል። የጉበት ሐኪሙ ዶ/ር ሳንጂቭ አሮራ እ.ኤ.አ. በ2003 ኤኮ የተሰኘውን ፕሮጀክት በመመሥረት፣ በገጠር ጤና ጣቢያዎችና በማረሚያ ቤቶች የሚሠሩ ባለሙያዎችን በየሳምንቱ በቪዲዮ ማገናኘት ጀመሩ። እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱን ሕመምተኛ ጉዳይ ያቀርባል፤ ስፔሻሊስቶቹ ይመክራሉ፤ ሌሎቹም ከዚያው ይማራሉ።

እ.ኤ.አ. በ2011 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት በወጣው የ407 ሕሙማን ጥናት መሠረት፣ በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ከታከሙት 57.5 በመቶ፣ በኤኮ ጣቢያዎች ከታከሙት ደግሞ 58.2 በመቶ ከቫይረሱ ነጻ ሆነዋል። ጥናቱ ሕሙማንን በዕጣ የመደበ ባይሆንም፣ ውጤቱ የተቀራረበ መሆኑ ትኩረት የሚሻ ነው። ሕክምናው ራሱ ዛሬ በአፍ በሚወሰዱ መድኃኒቶች ተተክቷል፤ የምክክሩ ሥርዓት ግን ወደ ሌሎች በሽታዎችና አገሮች ተስፋፍቷል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የመሣሪያው ፋይዳ የሚለካው በምስሉ ጥራት ሳይሆን፣ ከሕመምተኛው አጠገብ ያለው ባለሙያ ከምክክሩ በኋላ ብቻውን ሊሠራው በሚችለው ሥራ ነው።