ዝናብ የሚያስገባ አሮጌ ስፖርት መኪና፦ ምንጩን ማግኘትና መጠገን

አሮጌ ስፖርት መኪና ዝናብ ያስገባል የሚባለው ውሃው በበርና በመስኮት ጎሚኒ፣ በቦዲ ስፌት ወይም በተደፈነ መውረጃ በኩል አልፎ ወለሉን፣ የኋላውን ዕቃ መጫኛ ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን ሲያርስ ነው። ችግሩ በማንኛውም የቆየ መኪና ላይ ይታያል። ስፖርት መኪና ላይ የሚብሰው ግን ጣራው በብዙዎቹ ላይ የሚታጠፍ ወይም የሚነሳ ስለሆነ፣ የበሩን መስታወት ዙሪያውን የሚይዝ ፍሬም ብዙ ጊዜ ስለሌለውና ወለሉ ዝቅ ያለ በመሆኑ የገባው ውሃ መውጫ ስለሚያጣ ነው።

ቀዳዳውን ውሃው በታየበት ቦታ መፈለግ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ውሃ በላሜራው ውስጠኛ ገጽና በሽቦዎች ላይ ተንሸራትቶ ከገባበት ርቆ ይንጠባጠባል፤ ከኋላ የገባውም መኪናው ቁልቁል ሲቆም ወደ ሾፌሩ እግር ይመጣል። በ1989 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበችው ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ጥሩ ማሳያ ናት። ከጨርቅ ጣራዋ ግርጌ ያለ የላስቲክ አሸንዳ ዝናቡን ይቀበልና ከመቀመጫዎቹ ጀርባ በግራና በቀኝ ባሉ ቱቦዎች ወደ መሬት ያወርደዋል። ቱቦው ሲደፈን ውሃው ሞልቶ ምንጣፉ ላይ ይፈሳል፣ ከበሩ ሥር ያለውንም ላሜራ ከውስጥ ያዝገዋል። ባለቤቱ ጣራው አረጀ ብሎ አዲስ ጣራ ቢያለብስ እንኳ ቱቦው እስካልተጠረገ ድረስ ወለሉ እንደራሰ ይቀራል።

ሌሎቹም የየራሳቸው ደካማ ቦታ አላቸው። ከ1982 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. በተመረተው ፖርሽ 944 ላይ ከባዱ የኋላ መስታወት ከፍሬሙ ጋር የተያያዘበት ማጣበቂያ ይላቀቃል፤ ከሞተሩ ጀርባ ያለው የባትሪ ማስቀመጫ ዝጎ ሲበሳ ደግሞ ውሃው ከፊት ተሳፋሪው እግር ሥር ይወርዳል። በቶዮታ ኤምአር2 ላይ የሚነሱት የጣራ መስታወቶች ጎሚኒ ይደርቃል። ካርማን ጊያ ከ1955 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. የተመረተው በቮልስ ወለል ላይ ስለሆነ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ቮልስ የጠገነ ሁሉ በሽታውን ያውቀዋል፦ ባትሪው በቮልስ ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ በካርማን ጊያ ደግሞ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ አሲዱና የተጠራቀመው ውሃ ተባብረው ቀድሞ የሚበሉት ባትሪው ያረፈበትን ላሜራ ነው።

የስምጥ ሸለቆ አየር

የስምጥ ሸለቆ አየር ችግሩን ያባብሰዋል። ለምሳሌ ከሞጆ ወደ ባቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ቆቃና ጎረቤቷ አዳማ በ1,600 እና በ1,700 ሜትር ከፍታ ገደማ የሚገኙ፣ በጋቸው ረጅምና ፀሐያማ የሆነ ከተሞች ናቸው። ዝናብ የሚበዛው በክረምት፣ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ ነው። ውሃ የሚያስገባው ጉዳት ግን የሚሠራው በበጋ ነው። ፀሐዩ ጎሚኒውን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል፣ ከማዕዘኑ ላይ ያሳጥረዋል። የአካባቢው አፈር ከእሳተ ገሞራ አመድና ፑሚስ የመጣ ስለሆነ አቧራው ደቃቅ ነው፤ በትንሿ ቀዳዳ ይገባል፣ ሲርስም ይጠጥራል። በጥላ ፍለጋ ግራር ሥር የቆመ መኪና ደግሞ ሌላ ዕዳ ይሸከማል። የግራር ቅጠል ጥቃቅን ስለሆነ ከፊት መስታወቱ ግርጌ ባለው የአየር መግቢያ ወንፊት ውስጥ ያለ ችግር ያልፋል፤ እዚያም ከአቧራው ጋር ተቦክቶ መውረጃውን ይደፍናል። በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ውሃው ሞልቶ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ፊዩዞቹ ባሉበት በኩል ይመጣል። ስለዚህ ፍተሻውን በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይገባ መጨረስ ይሻላል።

ፍለጋው

በመጀመሪያ ውሃው በእርግጥ ዝናብ መሆኑ ይረጋገጥ። ፀሐይ ባለበት ቀን ኤሲ ከፍቶ ከተጓዙ በኋላ ከፊት ተሳፋሪው በኩል የሚገኝ ንጹሕና ሽታ የሌለው ውሃ ከኤሲው የወጣ ጤዛ ነው፤ መውረጃ ቱቦው በአቧራ ተደፍኗል። ጣፋጭ ሽታ ያለው፣ ጣት ላይ የሚያዳልጥና መስታወቱን በቅባታማ ጉም የሚሸፍን ከሆነ ደግሞ የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር እያፈሰሰ ነው። ኩላንት መርዝ ስለሆነ አይቀመስም።

ዝናብ መሆኑ ከታወቀ ባትሪው ይነቀል፣ መቀመጫና ምንጣፍ ይውጣ፣ ወለሉ ይድረቅ። ከዚያ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሌላው ውሃ በቀጭኑ በሚለቅ ጎማ ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ያጠጣል። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ቦታ በአንዴ ስለሚያረጥብ ምንም አይለይም። እያንዳንዱ ቦታ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠው። ላቫጆ ውስጥ ብቻ የታየ ማስገባት ማስረጃ አይሆንም፤ የፕሬሸሩ ግፊት ጤነኛ ጎሚኒንም አልፎ ይገባል።

ለጎሚኒ ቀላል መፈተሻ አለ። የብር ኖት በበሩና በጎሚኒው መካከል አስገብቶ በሩን መዝጋት፣ ከዚያም መሳብ። ያለ ምንም ተቃውሞ ከወጣ እዚያ ቦታ ላይ በሩ አይጫንም። የጠመኔ ዱቄት ጎሚኒው ላይ ቀብቶ በሩን ዘግቶ መክፈትም የት እንደሚነካና የት እንደማይነካ ያሳያል። ለተሰወረ ቀዳዳ ደግሞ የተነቀለው ባትሪ ተመልሶ፣ መስኮቶቹ ተዘግተው የመኪናው አየር መንፊያ ከፍ ይደረግና በውጭ በኩል የሳሙና ውሃ ይቀባል፤ አረፋ የሚነፋበት ቦታ ቀዳዳው ነው።

በጣም የሚዘነጋው የበሩ ውስጥ ነው። ዝናብ በመስታወቱ ጎን ወደ በሩ ሆድ መግባቱ የተለመደ ነው፤ በበሩ ግርጌ ባሉ ቀዳዳዎች ይወጣል። ከበሩ ሽፋን ጀርባ ያለው ፕላስቲክ ወደ ተሳፋሪው እንዳያልፍ ይከላከላል። ስፒከር ወይም የመስታወት ማንሻ ሲጠገን ይህ ፕላስቲክ ተቀድዶ ሳይመለስ ከቀረ ውሃው ወለል ላይ ይገኛል፣ ጥፋቱም በከንቱ ጎሚኒው ላይ ይጣላል።

ጥገናው

መውረጃ ሲጠረግ ጫፉ ያልሾለ፣ የሚታጠፍ የፕላስቲክ ገመድ ይበቃል። ጠንካራ ሽቦ ቱቦውን ይበሳል፤ የኮምፕሬሰር አየር ደግሞ ቱቦውን ከመጋጠሚያው አላቅቆ ውሃውን ወደ ውስጥ ሊያዞረው ይችላል። ጎሚኒን በናፍታ ወይም በግሪስ ማለስለስ ለጊዜው ያሳምራል እንጂ ያሳብጠዋል፣ ያበላሸዋልም፤ የሲሊከን ቅባት ወይም ግሊሰሪን ይሻላል። ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊከን ላሜራ ላይ መቀባት የለበትም፤ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ ከሥሩ ዝገት ይጀምራል። የመስታወት ዙሪያ በመኪና መስታወት ማጣበቂያ፣ የቦዲ ስፌት ለስፌት በተሠራ ማሸጊያ ይያዝ።

የበሰበሰ ወለል ላይ ስቱኮ መለጠፍ የሚጠቅመው ለሻጩ ብቻ ነው። ባትላሜራው ዝገቱን እስከ ጤነኛው ላሜራ ቆርጦ ማውጣት፣ አዲስ ላሜራ በይዶ ከላይም ከታችም ፀረ ዝገት መቀባት አለበት። ከምንጣፉ ሥር ያለው ስፖንጅ የላዩ ደርቆ ሳለ ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ካልወጣ ወለሉ መልሶ ይዝጋል።

ይህ ጥንቃቄ በኢትዮጵያ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ዋጋ አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪናዎችን ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ስፖርት መኪና በቀላሉ አይተካም፣ የፋብሪካ ጎሚኒውም ብዙ ጊዜ አይገኝም። ቅርጹ የሚቀራረብ ጎሚኒ በሜትር ተገዝቶ ሲገጠም ሳይወጠር ይቀመጥ፤ የተወጠረው ሲውል ሲያድር ይሰበሰብና ማዕዘኑን ክፍት ይተዋል። ሁለቱ ጫፎች የሚገናኙበት ቦታም ከበሩ ታች ይሁን፣ ከላይ ወይም ከማዕዘን አይሁን።