ስሪ-ዲ ሦስት ማዕዘን አይደለም

ከማኅበራችን ልጆች አንዷ ባለፈው ዓመት እናቷን ይዛ ሐኪም ቤት ሄደች። እናትየው የጉልበት ቀዶ ጥገና ሊደረግላቸው ነበር። ሐኪሙ ኮምፒዩተሩ ላይ የአጥንታቸውን ምስል ወዲህና ወዲያ እያዞረ በዕብራይስጥ «ትላት ሜማድ» አለ። ልጅቷ በደንብ ገባት፤ ወደ አማርኛ ልትመልሰው ስትል ግን ቃል አጣች። ቸኩላ «ሦስት ማዕዘን ነው» አለቻቸው። እናትየው ዝም አሉ። ቤት ከገቡ በኋላ ነው «ጉልበቴ ውስጥ ሦስት ማዕዘን ብረት ካስገቡብኝ በምን እታጠፋለሁ? አልፈርምም» ያሉት። ነገሩ እስኪጣራ ሁለት ሳምንት ፈጀ።

እኛ መጀመሪያ ስንሰማው ስቀን ነበር። ከዚያ አንዱ «እሺ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏቸው ነበር?» ሲል ሁላችንም ዝም አልን። ፊልሙን ስሪ-ዲ እንላለን፣ ጨዋታውን ስሪ-ዲ እንላለን፣ ማተሚያውንም ስሪ-ዲ እንላለን፤ ምን ማለት እንደሆነ ለእናቶቻችን መንገር ግን አንችልም። ስለዚህ ታሪኩን ከመነሻው ፈለግን። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሪ ሦስት ነው። «ዲ» የሚለው «ዳይሜንሽን» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደ የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ ቃሉም ከላቲን የመጣ ሲሆን መለካት ማለት ነው። የዕብራይስጡ «ሜማድ»ም ከመለካት የወጣ ነው። «ትላት» ደግሞ አራማይክ ነው፣ ሦስት ማለት ነው፤ ቄሶቻችን በግዕዝ «ሠለስቱ» ብለው የሚያነቡት ቃል የሥጋ ዘመዱ ነው። እንግዲህ በአማርኛ «ሦስት ልኬት» ብንል ከእውነቱ አንርቅም፦ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ። የሚገርመው ሦስት ማዕዘን ራሱ ወረቀት ላይ የሚሳል ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ ልኬቱ ሁለት ብቻ ነው። ጓደኛችን የተናገረችው ልክ ተቃራኒውን ነበር ማለት ነው።

ታሪኩ የሚነሳው ከዓይን ነው። አንድ ጣት ፊታችሁ አቁሙና አንዴ ቀኝ ዓይናችሁን፣ አንዴ ግራውን ጨፍኑ። ጣቱ ቦታ የቀየረ ይመስላል፤ ሁለቱ ዓይኖቻችን የሚያዩት አንድ ዓይነት ነገር አይደለምና። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስተን በ1838 ይህን በመሣሪያ አሳየ። አንድን ነገር ግራ ዓይን እንደሚያየውና ቀኝ ዓይን እንደሚያየው አድርጎ በሁለት ሥዕል ሳለው፣ በሁለት መስታወትም ለየዓይኑ ሰጠው። ሁለቱ ጠፍጣፋ ሥዕሎች አእምሮ ውስጥ ተጋጥመው ጥልቀት ያለው አንድ ነገር ሆኑ። መሣሪያውን ስቴሪዮስኮፕ አለው። ያን ጊዜ ፎቶግራፍ ገና ለሕዝብ አልተገለጠም ነበር፤ ስለዚህ የተጠቀመው በእጅ የተሳለ ሥዕል ነው።

«ስሪ-ዲ» የሚለው አጭር ስም በሕዝብ አፍ የገባው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ አሜሪካ ውስጥ ነው። ቴሌቪዥን በየቤቱ ስለገባ ሲኒማ ቤቶች ሰው አጥተው ነበር። በ1952 መጨረሻ «ብዋና ዴቪል» የሚባል ፊልም ወጣ፤ ኬንያ ውስጥ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችን ስለሚበሉ አንበሶች ነው። ተመልካቹ መነጽር አድርጎ አንበሳው ከሸራው ወጥቶ የሚመጣበት ይመስለው ነበር። ብዙዎቻችን የዚያን ዘመን መነጽር ቀይና ሰማያዊ አድርገን እናስባለን፤ ለነዚህ ትልልቅ ፊልሞች የታደለው ግን በአብዛኛው ግራጫ፣ ብርሃንን በአቅጣጫ የሚለይ መነጽር ነበር። ሥራው ሁለት ማሳያ መሣሪያዎች አብረው እንዲሄዱ ይጠይቃል፤ አንዱ ትንሽ ካዘገመ የተመልካቹ ዓይን ይታመማል። በ1953 የወጣውን ታዋቂውን «ሃውስ ኦፍ ዋክስ» ያዘጋጀው አንድሬ ደ ቶት ደግሞ አንድ ዓይና ነበር። የራሱን ፊልም ጥልቀት ማየት አይችልም! ፋሽኑ ከሁለት ዓመት በላይ ብዙም አልቆየም።

ስሙ ግን አልሞተም፣ ትርጉሙን ቀየረ። በ1975 ማርቲን ኒውዌል የተባለ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ሰው የቤቱን የሻይ ማንቆርቆሪያ በእጁ ሳለና ቅርጹን ኮምፒዩተር ውስጥ በቁጥር አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ማንቆርቆሪያውን ማዞር፣ ከላይም ከታችም ማየት ተቻለ። እዚህ ላይ መነጽር የለም፣ ስክሪኑም ጠፍጣፋ ነው። ታዲያ ለምን ስሪ-ዲ ተባለ? ኮምፒዩተሩ እያንዳንዷን ነጥብ በሦስት ቁጥር ስለሚያውቃት ነው። ስሪ-ዲ የምንላቸው ጨዋታዎችም በዚሁ ይሠራሉ።

የእናትየው ጉልበትም ከዚሁ ወገን ነው። ሲቲ የሚባለው መሣሪያ ሰው ላይ መጀመሪያ የተሞከረው ለንደን ውስጥ በ1971 ነው። አካልን ሳይነካ በስሱ በስሱ እየቆረጠ ያነሳል እንበል። የሰንበት ዳቦ ተቆርጦ ቁራጮቹ በተራቸው መልሰው ሲደረደሩ ዳቦው እንደገና ሙሉ ይሆን የለ? ኮምፒዩተሩም ምስሎቹን እንዲሁ ይደረድራል። ጓደኛችን በመጨረሻ ለእናቷ ያስረዳችው በዚሁ በዳቦው ነው። «እንዲህ ነው እንዴ! ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ አትዪም?» አሏት። ፈረሙ።

ማተሚያው የመጨረሻው ነው። አሜሪካዊው ቻክ ሃል በ1984 ማመልከቻ አስገብቶ በ1986 የፈጠራ መብት አገኘ። ብርሃን ሲያርፍበት የሚደርቅ ፈሳሽ ይዞ፣ አንዱን ስስ ድርብ በሌላው ላይ እያደረቀ ዕቃ ሠራ። ይህ እንግዲህ የዓይን ማታለያ አይደለም፤ በእጅ የሚጨበጥ ነገር ነው። ከእኛ ሰው ብዙ በሚኖርባት በረሆቮት በ1998 ኦብጄት የተባለ ኩባንያ ተመሥርቶ እንዲህ ያሉ ማተሚያዎችን ይሠራ ነበር፤ በ2012 ከአሜሪካው ስትራታሲስ ጋር ተዋሐደ። በ2019 ደግሞ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሰው ሕዋስ ትንሽ ልብ አተሙ። የጥንቸል ልብ ታክላለች። ሕዋሶቹ ይኮማተራሉ፤ አብረው ደም መግፋት ግን ገና አልቻሉም ነበር።

ለዚህ ጽሑፍ ስንዘጋጅ በሸክላ ጭቃ የሚያትም ማሽን ቪዲዮ ለወላጆች አሳየን። ቀጭን የጭቃ ገመድ እያወጣ፣ ዙር በዙር ላይ እየከመረ ማሰሮ ይሠራል። በጎንደር ዙሪያ የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ ሲሠሩ እንዲሁ ጭቃውን እንደ ገመድ እያድቦለቦሉ ዙሪያውን ይደራርቡት ነበር። በዚያ ሙያ የተነሳ ስንት ስድብ እንደጠጡ ወላጆቻችን ያውቁታል፤ እኛ ልጆቹ ግን ብዙም ጠይቀናቸው አናውቅም።

ጉልበታቸው የዳነው እናት ከፊት ተቀምጠው ነበር። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አዩት።

«ይሄማ የእናቴ ሥራ ነው» አሉ። ቀጥለውም ወደ እኛ ዞር ብለው፣ «ማን ነው የሚተኩሰው? ካልተተኮሰ እኮ ውኃ አይዝም።»