የከሰል ካውያ

ጎጃም በረንዳ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ንግዱን ነው። እኔ ግን ቀድሞ ትዝ የሚለኝ የእናቴ የከሰል ካውያ ነው። ሆዱ ባዶ፣ እጀታው እንጨት፣ ክብደቱ ክንድ የሚያዝል ብረት ነበር። እናቴ ፍም ትሞላውና ደጅ ወጥታ ወዲያ ወዲህ ታወዛውዘዋለች፤ ነፋስ በጎኑ ቀዳዶች እየገባ ፍሙን ያቀላዋል፣ አመዱን ያራግፋል። በረጠበ ጣቷ ነካ ስታደርገው «ጭስስ» ካለ መተኮስ ትጀምራለች።

የኤሌክትሪክ ካውያ በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። በአገራችን የቆቃ ግድብ ኃይል ማመንጨት የጀመረው በ1952 ዓ.ም. ነው። እኛም ቤት መብራት ገብቶ ነበር፤ ቆጣሪው ግን የአከራያችን ስለነበር ከአንድ አምፖል በቀር ሌላ መሰካት ክልክል ነው። ስለዚህ እናቴ በአምፖሉ ብርሃን ሥር በከሰል ትተኩስ ነበር። ታሪክ መብራት የገባበትን ዓመት ይመዘግባል፤ ካውያ የተሰካበትን ቀን ግን አይመዘግብም።

በአንድ የጥምቀት ዋዜማ ከካውያው የዘለለች ፍንጣሪ የእናቴን ነጠላ የምስር ፍሬ ያህል በሳችው። ምንም አልተናገረችም። በማግስቱ ቀዳዳው ወደ ውስጥ እንዲውል አጣፍታ ለበሰችውና ታቦት ልታጅብ ወጣች።