የሐይቁ መድረቅ ወይስ የውሃው መበከል? ከሐረማያ እስከ ጭሮ

ሐረማያ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው አፈር፣ ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት አንዴ ከገባ ጠርጎ የሚያወጣው ወንዝ የለም፤ ውሃው ሲተን ጨውና ቆሻሻው እዚያው ይቀራል። ስለ ሐይቁ የተጻፈው ግን በአመዛኙ ስንት ውሃ እንደጎደለ የሚቆጥር ነው።

ተመራማሪው ብሩክ ለማ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ሐረማያን ከቢሾፍቱ አቅራቢያ ካለው ሆራ ቂሎሌ ጋር አነጻጽረዋል። ከሐረማያ ውሃ ተቀዳ፤ ወደ ሆራ ቂሎሌ እ.ኤ.አ. በ1989 የሞጆ ወንዝ ተጠልፎ ገባ። ጥናቱ ይህንን ተቃራኒ የሰው ጣልቃ ገብነት ይለዋል። ምልከታው ጠንካራ ነው፤ ቅሬታዬ በስያሜው ላይ ነው። ስያሜው ትኩረትን ወደ መጠኑ ይስባል። ወንዙ ሲገባ የሆራ ቂሎሌ ጨዋማነት ቀነሰ፣ ውሃውን አረንጓዴ ያደርገው የነበረው ስፒሩሊናም ጠፋ። ሐረማያም እየጎደለ ሲሄድ፣ የሚገባበት ሁሉ በአነስተኛ ውሃ ውስጥ ይከማች ጀመር። በሁለቱም ዘንድ የተለወጠው የውሃው ጠባይ ነው።

ሐረማያ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ደረቀ፤ ሐረርም የመጠጥ ውሃ ምንጯን አጣች። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል። ጉዳዩ የመጠን ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። የተመለሰው ውሃ ግን የተኛው ታርሶና ጉድጓድ ተቆፍሮበት በከረመ መሬት ላይ ነው። ጥፋቱ የመሳቢያ ሞተር ነው የሚሉ አሉ። አይካድም፤ ሆኖም ሞተሩ የሚያጠጣው ማሳ ራሱ ነው ማዳበሪያና መድኃኒቱን ወደ ሐይቁ የሚመልሰው።

ጭሮ ሐይቅ ስለሌላት ነገሩ የማይመለከታት ይመስላል። ከተማዋ ያለችው በጨርጨር ተራሮች ሰሜናዊ ተዳፋት ነው፤ ጎርፏ በአዋሽ ተፋሰስ ወደ ሚኤሶ ቆላ ይወርዳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ተፋሰሱም እንደ ሐረማያ ዝግ ነው፤ ልዩነቱ ስፋቱ ነው። 

በዚህ ተዳፋት ጫቱን የተባይ መድኃኒት የረጨ ገበሬ መርጫውን ውሃ በቀዳበት ጅረት ሲያጥብ እጣቢው ከታች ከብት የሚያጠጣው ዘንድ ይደርሳል። እጣቢውን እዚያው ማሳው ላይ መድፋት፣ ከጅረቱ ዳር ያለውን ሣር ሳያርሱ መተው፣ ተዳፋቱን በእርከን መያዝ ከጉልበት በቀር ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ መፍትሔዎች ናቸው። በከተማ ያለው ሥራ ይከብዳል። የጫት ገበያ ሲበተን ገራባ (የጫት ትርፍራፊ) እና ፌስታል ቱቦውን ይሞላሉ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጠራርጎ ይወስዳቸዋል። ገራባው የፍየልና የከብት መኖ ስለሚሆን ለብቻው ከተሰበሰበ ወሳጅ አያጣም። ፌስታሉን ግን የሚፈልገው ስለሌለ ዝናቡ ሳይቀድም ከቱቦው አፍ ላይ መልቀም የማዘጋጃ ቤቱና የነጋዴው ሥራ ነው።