ቪታሚን ቢ12 እና የአረጋውያን አእምሮ፤ የአንድ ግኝት ታሪክ

ዕድሜው የገፋ ሰው ነገር መርሳት፣ ቀን ከቀን ማምታታትና ሲራመድ መንገዳገድ በጀመረ ጊዜ ቤተሰብና ጎረቤት «ጃጀ» ይሉታል። ይህ ቃል ከተነገረ በኋላ ምክንያቱን የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም፤ እርጅና መድኃኒት የለውም ተብሎ ይታመናልና። የሕክምና ታሪክ እንደሚያስረዳው ግን በአንዳንድ አረጋውያን ላይ የሚታየው የአእምሮ መዳከም ከዕድሜ ብቻ የመጣ ሳይሆን ሊታከም የሚችል የምግብ ንጥረ ነገር እጥረት ውጤት ነው። ይህ ንጥረ ነገር ቪታሚን ቢ12 ይባላል። ዕውቀቱ በምን መንገድ እንደተገኘና ወሰኑም እስከ የት እንደሆነ መመርመር ለጤና ትምህርት ዝግጅት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የበሽታው መታወቅ

ቶማስ አዲሰን የተባለው የለንደን ሐኪም መነሻው ያልታወቀ፣ ቀስ በቀስ እየጸና ሄዶ ሕይወትን የሚያጠፋ የደም ማነስ በ1849 ለሙያ ጓደኞቹ ገለጸ፤ በ1855 ደግሞ በመጽሐፍ አወጣው። በሽታው የያዘውን ሰው የማይለቅ በመሆኑ በኋላ «ገዳይ የደም ማነስ» የሚል ስም ተሰጠው። ጉዳቱ ግን በደም ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በ1900 ራስል፣ ባተንና ኮሊየር የተባሉ ሦስት የለንደን ሐኪሞች ከዚሁ ደም ማነስ ጋር የሚታየውን የኅብለ ሠረሠር መበላሸት ዘርዝረው ጻፉ። የበሽተኞቹ እጅና እግር ይደነዝዛል፤ አካሄዳቸው ሚዛን ያጣል፤ በአንዳንዶቹም ላይ የአእምሮ መታወክ ይከተላል።

መድኃኒቱ በምግብ ውስጥ መገኘቱ

አሜሪካዊው ጆርጅ ዊፕል ደማቸው እንዲቀንስ የተደረጉ ውሾች ጉበት ሲመገቡ ደማቸው ቶሎ እንደሚተካ አሳየ። ይህን መነሻ በማድረግ ጆርጅ ማይኖትና ዊልያም መርፊ በቦስተን ከተማ ለ45 በሽተኞች በቀን ከ120 እስከ 240 ግራም፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ፣ የበሰለ ጉበት እንዲበሉ አዘዙ። በ1926 ባወጡት ጽሑፍም ሞት ይጠብቃቸው የነበሩ ሰዎች እንዳገገሙ አስታወቁ። ሦስቱ ተመራማሪዎች በ1934 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ይሁንና አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ጤነኛ ሰው ይህን ያህል ጉበት ሳይበላ እንዴት ይኖራል? ዊልያም ካስል የተባለው የቦስተን ሐኪም ሥጋ በልቶ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከጨጓራው አስመልሶ ለበሽተኞች ሰጠ። ሥጋው ብቻውን ያላዳናቸው ሰዎች ከጤነኛ ጨጓራ ጭማቂ ጋር ተዋሕዶ ሲሰጣቸው ተሻላቸው። ስለዚህ ጉድለቱ በማዕዱ ላይ ብቻ ሳይሆን በጨጓራም ላይ ሊሆን እንደሚችል ታወቀ። በ1948 በአሜሪካና በእንግሊዝ ተመራማሪዎች በየበኩላቸው ቀይ የሆነውን የቪታሚን ቢ12 ክሪስታል ለይተው አወጡ። ውስብስብ አሠራሩን ዶሮቲ ሆጅኪን በኤክስሬይ አማካይነት በ1956 አረጋገጠች፤ ለዚህና ለመሳሰሉት ሥራዎቿም በ1964 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች።

ደም ሲድን ነርቭ መጎዳቱ

በ1940ዎቹ አጋማሽ ፎሊክ አሲድ የተባለው ሌላ ቪታሚን ለእነዚሁ በሽተኞች ተሰጠ። ደማቸው ተሻሻለ፤ የነርቭ ጉዳታቸው ግን መባባሱን ቀጠለ። የደም ምርመራ መልካም ስለሆነ ብቻ ነርቭም ደኅና ነው ማለት እንደማይቻል ከዚህ ትምህርት ተገኘ። በ1988 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ይህን አጠናከረው። በቢ12 እጥረት የነርቭ ወይም የአእምሮ ሕመም ከደረሰባቸው 141 በሽተኞች መካከል 40ዎቹ የደም ማነስ ምልክት አልታየባቸውም ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ደሙ ብቻ ቢታይ «ጃጀ» ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር።

ችግሩ በአረጋውያን ላይ የሚበረታበት ምክንያት ግልጽ ነው። በምግብ ውስጥ ያለው ቢ12 ከፕሮቲን ጋር የተጣበቀ ሲሆን የሚያላቅቀው የጨጓራ አሲድ ነው። በብዙ አረጋውያን ዘንድ የጨጓራ ሽፋን ስለሚሳሳና አሲዱም ስለሚቀንስ ሥጋና እንቁላል የሚመገብ ሰው እንኳ ሊጎድልበት ይችላል። በዚህም ምክንያት በ1998 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች በቀን የሚያስፈልጋቸውን 2.4 ማይክሮግራም በአብዛኛው ቪታሚኑ ከተጨመረበት ምግብ ወይም ከእንክብል እንዲያገኙ መከረ።

በኢትዮጵያ ሁኔታ ሲታይ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ጠቃሚ ምግቦች ቢሆኑም ቢ12 የላቸውም፤ ቪታሚኑን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ሲሆኑ ሰው የሚያገኘው በዋናነት ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። በጤነኛ ሰው ጉበት ውስጥ የተከማቸው ቢ12 ለዓመታት ስለሚበቃ የጥቂት ሳምንታት ጾም ለብቻው በሽታ አያመጣም። አሳሳቢው ሁኔታ በፍስክም ወቅት ወተትና እንቁላል የማያገኙ፣ ጨጓራቸውም የደከመ አረጋውያን ጉዳይ ነው።

የዕውቀቱ ወሰን

እጥረትን ማከም አንድ ነገር ነው፤ እጥረት የሌለበትን አእምሮ በቪታሚን ከእርጅና መጠበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። በ2010 በኦክስፎርድ በተደረገ ጥናት ቀላል የማስታወስ ችግር ያለባቸው አረጋውያን የቢ ቪታሚኖችን ሲወስዱ የአንጎላቸው መጠን በዓመት 0.76 በመቶ ቀነሰ፤ ባልወሰዱት ላይ ቅነሳው 1.08 በመቶ ነበር። ነገር ግን በ2014 የ11 ጥናቶች ውጤት በአንድነት ተመርምሮ ወደ 22,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ የማሰብ ችሎታን የሚጠብቅ ጉልህ ጥቅም አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 የቢ ቪታሚኖችና የኢ ቪታሚን እንክብል የመርሳት በሽታን ለመከላከል ተብለው እንዳይታዘዙ መክሮ በምትኩ የተመጣጠነ ምግብን፣ የአካል እንቅስቃሴን፣ ትምባሆ አለማጨስንና የደም ግፊትን መቆጣጠርን አስቀደመ።

ከዚህ ታሪክ መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ሁለት ነጥቦች ሊያተርፉ ይችላሉ። አንደኛ፣ የቪታሚኖችን ስምና ምንጭ በሰንጠረዥ ማስጠናት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ተማሪው የካስልን ሙከራ ሲከታተል የበላነው ሁሉ ለሰውነታችን እንደማይደርስ ከነምክንያቱ ይረዳል። ሁለተኛ፣ ተማሪው ወደ ቤቱ ሲመለስ በአያቱ ላይ መርሳት፣ የእግር መደንዘዝና የአካሄድ መለወጥ ቢያይ ነገሩን ለእርጅና ትቶ እንዳያልፍ፣ በገበያ የሚወደስ እንክብልም ለመግዛት እንዳይቸኩል፣ ይልቁንም ቤተሰቡ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዳቸው እንዲያሳስብ ማስተማር ይገባል። ቶሎ የተደረሰበት የነርቭ ጉዳት በሕክምና ሊመለስ ይችላል፤ ብዙ የዘገየው ግን ብዙውን ጊዜ ፈጽሞ አይድንም።